አምስት ወረቀት፣ አንድ ስዩም

በመርሳ ከተማ ስዩምን የማያውቅ ሰው ከተገኘ ወይ ትናንት የተወለደ ነው፣ ወይ ጆሮው ታሟል። ሰውየው የትንሿ የወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያን ዘበኛ ነው። ዘበኛ ብሎ የሚጠራው ግን ሌላው ሰው ነው፤ እሱ ራሱን ሲያስተዋውቅ «የበር ጉዳይ ኃላፊ» ይላል። ቁመቱ ከበሩ መቀርቀሪያ እምብዛም አይበልጥም፤ ድምፁ ግን መርሳ ላይ ተነስቶ ውርጌሳ ላይ የቆመ አውቶቡስ ያንቀሳቅሳል። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት የጥበቃ ዘመኑ በአንድ ዱላ ብቻ ሃያ ሁለት ጅብ አባሯል። ወሬው ሲጀመር ጅቦቹ ሁለት ነበሩ። በስዩም አፍ ውስጥ እንደሚራባው ጅብ በየትኛውም ዱር አይራባም።

የሚኖረው እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ከማንጎው ዛፍ አጠገብ ባለችው አንድ ክፍል ቤት፣ ከሚስቱ ከእታገኝ ጋር ነው። ማንጎውም ቢሆን እንደ ሰው ማንጎ አይደለም፤ አንዱ ፍሬ ለሠርግ ይበቃል። እንግዲህ የስዩም ሀብት ይኸው ነው፤ በሩ፣ ቤቷ፣ ማንጎውና አፉ። ከአራቱ ሦስቱን ሊያጣ የደረሰው በአራተኛው የተነሳ ነው።

ነገሩ የጀመረው በሁለት ሺህ አሥራ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ በሐምሌ ነው። ወልድያ ካለው የቤተ ክርስቲያኒቱ ጽሕፈት ቤት ማህሌት የምትባል ወጣት መጣች። ልጅቷ ቀጭን ናት፤ ይዛው የመጣችው ወረቀት ግን አህያ ያጎብጣል። የቤተ ክርስቲያኒቱን አምስት ሠራተኞች አዳራሽ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ወንጌላዊው ዳዊት፣ የልጆች አስተማሪዋ ቡርቱካን፣ የመዝሙር መሪው፣ የጽዳት ሠራተኛዋና ስዩም ናቸው።

«ይህ የባሕርይ መጠይቅ ነው» አለች ማህሌት። «ስልሳ ዓረፍተ ነገር አለው። ዓረፍተ ነገሩ ፈጽሞ የማይገልጻችሁ ከሆነ አንድ፣ ልክ እናንተን የሚገልጽ ከሆነ አምስት ትላላችሁ። ማን ለየትኛው አገልግሎት እንደሚስማማ፣ ማን በምን መሠልጠን እንዳለበት ለማወቅ ይረዳናል። ከመካከላችሁም አንድ አስተባባሪ እንመርጣለን። ፈተና አይደለም፤ ትክክልና ስህተት የሚባል መልስ የለውም። ለየብቻ ሆናችሁ ሙሉት፤ ነገ ጠዋት እሰበስበዋለሁ።»

ስዩም «ፈተና አይደለም» የሚለውን ሲሰማ በሆዱ ሳቀ። ዱሮ ወልድያ አንድ ትምህርት ቤት በር ላይ ሲሠራ ስንት ፈታኝ አሳልፏል! «አትደንግጡ ልጆቼ፣ ቀላል ነው» እያሉ አይደል የልጁን ነፍስ የሚያወጡት? ማህሌት ከሽማግሌዎች ጋር ሻይ ልትጠጣ እንደወጣች አራቱን ከማንጎው ሥር ጠራቸው።

«ስሙኝ! እኔ በፈተና ጉዳይ ሠላሳ ዓመት ልምድ አለኝ።»

«ጋሼ፣ ሁለት ዓመት አልነበረም እንዴ?» አለ ዳዊት።

«አንድ የፈተና ዓመት አሥራ አምስት ዓመት ነው! አሁን ዝም በልና ስማ። ከፍተኛው ስንት ነው? አምስት። እንግዲያስ ስልሳውንም አምስት አምስት እያላችሁ መሄድ ነው። ሦስት መቶ ከሦስት መቶ! ደፈናችሁት ማለት ነው።»

ቡርቱካን ወረቀቷን ቀረብ አድርጋ አየችው። ቡርቱካን በቀን አሥር ቃል የማትናገር ሴት ናት፤ ከአሥሩ ዘጠኙ ደግሞ «እሺ» ነው።

«ጋሼ፣ እዚህ ላይ "ብቻዬን መሆን እወዳለሁ" ይላል። ዝቅ ብሎ ደግሞ "ሁልጊዜ ሰው መሀል መሆን እወዳለሁ" ይላል። ሁለቱንም አምስት ነው የምለው?»

«ሁለቱንም! የሚፈልጉት ምንም ያልጎደለው ሰው ነው።»

አራቱ ስዩምን አምነው አልነበረም። እሱን አምኖ ሰዓት የሞላ ሰው መርሳ ውስጥ የለም። ግን እዚያ አገር ከሰው ተለይቶ መውደቅ ነውር ነው፤ ከሰው ተለይቶ ማለፍ ደግሞ ከዚያ የባሰ ነውር ነው። «ቡርቱካን አራት ብላ እኔ አምስት ብል ጉረኛ እባላለሁ፣ ሦስት ብል ደግሞ የሷን ያህል አልሆንኩም ማለቴ ነው» እያለ እያንዳንዱ በሆዱ ሲያሰላ፣ ሁሉም አምስት ማለቱ ሰላም ያለው መንገድ መሰለ። ስልሳ ጊዜ አምስት፣ በአምስት ሰው። ስዩም ከሁሉም ቀድሞ ጨረሰና እንደ ሚኒስትር ረጅም ፊርማ አንጠለጠለበት።

በማግስቱ ማህሌት ወረቀቶቹን ስትቀበል የመጀመሪያውን አየች፤ ሁለተኛውን አየች፤ ሦስተኛው ላይ ቅንድቧ ወደ ላይ ሄደ። ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻቸውና «ውጤቱን ይዤ ነሐሴ ላይ እመጣለሁ» ብላ ወደ ወልድያ ተሳፈረች።

ስዩም ቤቱ ገብቶ ድሉን ለእታገኝ ተረከላት። እታገኝ የተረፈ ባዶ መጠይቅ ጠረጴዛው ላይ አግኝታ ስታነብ ቆየችና፣

«አንተ ሰውዬ፣ ይህችን ከፊርማው በላይ ያለችውን አንብበሃታል?» አለችው።

«የቷን?»

«"ሐሰተኛ መልስ የሰጠ ሠራተኛ ከአገልግሎት ይሰናበታል።" አምስት ሰው አንድ ዓይነት መልስ ጽፎ ሲገኝ ትምህርት ቤት ምን ያደርጉ ነበር?»

ስዩም አፉን ከፈተ። ከአፉ ምንም አልወጣም። እታገኝ በትዳር ዘመኗ ይህን ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። የሚያደርጉትንማ ጠንቅቆ ያውቃል፤ የተኮራረጁትን በሙሉ ጠራርገው ያባርራሉ። እሱ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በሩ ተነቅሎ ይሄዳል፤ ቤቷም የቤተ ክርስቲያን ናትና ከነእታገኝ ይወጣል። ይህስ ይሁን፤ አፉ ያመጣው ነው። እነዚያ አራቱስ? ቡርቱካንስ ምን አጠፋች?

ወልድያ ሄዶ ሊናዘዝ ወሰነ። ሰኞ እሄዳለሁ አለ፤ ሰኞ ዘነበ። ሐሙስ እሄዳለሁ አለ፤ ሐሙስ ወገቡን አመመው። ለሚቀጥለው ሳምንት ጫማውን ሁሉ ጠርጎ አዘጋጀ። በሚቀጥለው ሳምንት ጦርነቱ መጣና መንገዱን ዘጋው።

ነሐሴ ላይ ወልድያም መርሳም ተያዙ። መብራት ሄደ፣ ስልክ ሄደ፣ ወፍጮ ቆመ። ከተማው በቆሎውን በድንጋይ ፈጭቶ፣ ያልበሰለ ፓፓያ ቀቅሎ በላ። ስዩም በዚያ ሁሉ መሀል አንድ የሚያሳፍረው ነገር ነበረው፤ መድፍ በተሰማ ቁጥር ከሌላው ሰው እኩል ይደነግጣል፤ ሲበርድ ደግሞ ሌላው ሰው እፎይ ሲል እሱ ወረቀቶቹ ትዝ ይሉታል።

በቤተ ክርስቲያኒቱ ዕቃ ቤት ከሰሜን ተፈናቅለው ግቢው ውስጥ ለተጠለሉ ሰዎች የመጣ በቆሎ ነበረ። ስዩም ሲያወራው መጋዘን ሙሉ ነው፤ ቡርቱካን ስትቆጥረው አሥራ አንድ ጆንያ ነው። አንድ ቀን ጠዋት የታጠቁ ሰዎች ቤት ለቤት እህል እየፈለጉ ነው ተባለ። ቡርቱካን ሮጣ ወደ ጓሮው አጥር ሄደች። ከአጥሩ ማዶ የአያ አብዱልሐሊም የብርቱካን እርሻ ነው፤ ሽማግሌው ገና ሳትጠራቸው ቆመው ይጠብቋት ነበር።

«ልጄ፣ አጥሩን ከፍቼዋለሁ» አሏት። «አንቺ አሳልፊ፣ የኔ ልጆች ይቀበላሉ። ኢንሻአላህ እንደርሳለን።»

«ጋሼ ስዩም፣» አለች ቡርቱካን ዞር ብላ፣ «በሩ ያንተ ነው። አቆያቸው።»

በዚያች ቅጽበት በሩ ተደበደበ።

«ክፈት!»

የስዩም ጉልበት እንደ ወንፊት ይንቀጠቀጥ ጀመር። አፉ ግን ጉልበት የለውምና አልተንቀጠቀጠም።

«እከፍታለሁ ወንድሞቼ! ግን በዚህ በር የገባ ጅብ ምን እንደደረሰበት ሳልነግራችሁ ብከፍት ኃጢአቱ የኔ ነው!»

«ምን ጅብ?»

«የቱን ልንገራችሁ? ሃያ ሁለት ናቸው እኮ!»

ቀጠለ። የመጀመሪያው ጅብ የበሬ ያህል ነበር፤ ሦስተኛው ሰው ያናግራል፤ ሰባተኛውን በጆሮው ይዞ እስከ ግራና ከተማ ገበያ ድረስ ጎትቶታል። መቀርቀሪያውን አንዴ ይነካል፣ ይተወዋል፤ ቁልፉ ጠፋ ይላል፣ ያገኘዋል፣ እንደገና የተሳሳተ ቁልፍ ይሆናል። ከበሩ ማዶ አንዱ ታጣቂ ሲስቅ ተሰማ። ሌላው ተቆጣና በሩን በሰደፍ መታ። ስዩም ራሱ ሲያወራው ከጠዋት እስከ እኩለ ቀን አቁሟቸዋል፤ እታገኝ እንደምትለው ሩብ ሰዓት ቢሞላ ነው። ግን ሩብ ሰዓት ለቡርቱካን ዘመን ነው። ማን ጆንያውን እንደሚያነሳ፣ ማን ዱካውን በቅጠል እንደሚጠርግ፣ ማን ሕፃናቱን ዝም እንደሚያሰኝ በጣቷ ብቻ እያሳየች አሥራ አንዱንም አሻገረቻቸው።

በሩ ሲከፈት ዕቃ ቤቱ ባዶ ነበር። ታጣቂዎቹ የድምፅ ማጉያውን ይዘው ወጡ። ሳቂታው ሲያልፍ «አንተ ሰውዬ፣ ጅቦቹ የታደሉ ናቸው፤ ወሬህን ሳይጨርሱ ሞቱ» አለው።

ሲሄዱ ስዩም ከበሩ ሥር ቁጭ አለ። አያ አብዱልሐሊም በአጥሩ ቀዳዳ አንገታቸውን አስግገው፣

«ስዩሜ፣ ሁሉም ገብቷል፤ አልሐምዱሊላህ! ጅቦቹ ስንት ደረሱ?» አሉት።

«ሰላሳ አንድ፣ አያ።»

«አይብዛ፤ የኔን በግ ይበሉብኛል።»

ቡርቱካን ያን በቆሎ ለተፈናቃዩም ለጎረቤቱም፣ ለክርስቲያኑም ለእስላሙም በጣሳ እየሰፈረች ለወራት አዳረሰችው። ስዩምም፣ ስለ ምንም ነገር ዝም ብሎ የማያውቀው ሰው፣ ጆንያዎቹ የት እንዳሉ ለአንድም ሰው አልተነፈሰም። እታገኝ «ታሞ ነው» ብላ ሰግታ ነበር።

ታኅሣሥ ላይ መርሳ ነፃ ወጣች። የመጀመሪያው የጭነት መኪና ከደሴ በኩል ብቅ ሲል ሴቶቹ እልል ብለው ጎማውን ሊስሙ ምንም አልቀራቸውም። ወፍጮው በተነሳ ቀን ሰው ወፍጮ ቤቱን እንደ ሠርግ ቤት ከበበው፤ የሞተሩ ድምፅ ለስዩም ከየትኛውም መዝሙር በልጦበታል። እፎይታ ማለት ይህ ነው ብሎ ገና ሳይጠግበው አንድ ሾፌር ከወልድያ ወሬ አመጣ። የጽሕፈት ቤቱ ዕቃ ተዘርፏል፤ ጠረጴዛው፣ ኮምፒውተሩ፣ መዝገቡ ሳይቀር የለም።

ሰው ሁሉ ከንፈሩን መጠጠ። ስዩምም መጠጠ። ውስጡ ግን እልል አለ፤ ወረቀቶቹ የሉም! ወዲያው ደግሞ አፈረና ዘወር ብሎ የበሩን መቀርቀሪያ ያለ ሥራው ሲወለውል ዋለ።

ለገና ሦስት ቀን ሲቀር በሩ ተንኳኳ። ከፈተ። ማህሌት ናት። ይበልጥ ቀጥናለች። ተቃቅፈው ተላቀሱ፤ «እንኳን በሕይወት አገኘሁሽ፣ እህቴ!» አላት፤ ከልቡ ነበር። ዕንባውን ሲጠርግ ዓይኑ እጇ ላይ ባለው ፌስታል ላይ አረፈ። በፌስታሉ ውስጥ ወረቀት ይታያል።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የእናንተ መጠይቅ ነዋ! ቢሮ ያለው ሁሉ ጠፋ። የእናንተን ግን ቤቴ ወስጄው ስለነበር ተረፈ። ከጽሕፈት ቤቱ ንብረት የቀረን ይኸው ብቻ ነው።»

ከሐራ እስከ ውርጌሳ ካለው ወረቀት ሁሉ ተርፎ የተገኘው የስዩም ኩረጃ ሆነ።

ከማንጎው ሥር አግዳሚ ወንበር ወጣ። አምስቱ ተቀመጡ፤ እታገኝ ከበሯ ላይ ቆመች፤ አያ አብዱልሐሊምም ለእንግዳዋ ብርቱካን በዘንቢል ይዘው መጥተው አንድ ዳር ያዙ። ማህሌት ፌስታሉን ፈታች። አፏን ከመክፈቷ በፊት ስዩም ተነስቶ ቆመ።

«እህት ማህሌት፣ ከመናገርሽ በፊት እኔ ልናገር። አምስት አምስት በሉ ያልኳቸው እኔ ነኝ። እነሱ ምንም አላጠፉም። በፈተና ጉዳይ ሠላሳ ዓመት ልምድ አለኝ ያልኩትም ውሸት ነው፤ ሁለት ዓመት ነው። ሁለትም አይሞላም፤ አንድ ዓመት ከስምንት ወር ነው። በር ላይ ነበርኩ፤ ፈተና ክፍል ገብቼ አላውቅም።» ትንፋሹን ሳበ። «ጅቦቹም ሁለት ናቸው። አንደኛው ምናልባት ውሻ ነው። የሚሰናበት ካለ እኔ ልሰናበት፤ ቤቷን ከገና በኋላ እንለቃለን።»

አያ አብዱልሐሊም ልጠው የያዙትን ብርቱካን ከአፋቸው መለሱት።

«ውሻ?» አሉ። «ይህን ሁሉ ዓመት ለውሻ ነው እንዴ በጎቼን የደበቅኩት?»

ማህሌት ሳቋን ልትይዝ ሞከረች፤ አልሆነላትም። ከአምስት ወር በኋላ የሳቀች ሰው ሳቅ ስለነበር ቶሎ አላቆመም። መጨረሻ ላይ አምስቱን ወረቀት እንደ ካርታ ጉልበቷ ላይ ዘረጋቻቸው።

«ጋሼ ስዩም፣ ይቀመጡ። እኔ ይህን ያወቅኩት ገና ሐምሌ ላይ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ቁጥር አርባ አንድን ያስታውሱታል?»

«ሳላነብ ነው የሞላሁት።»

«"ሳወራ ከሆነው በላይ አጋንናለሁ" ይላል። አምስቱም ሠራተኞች "ልክ እኔን ይገልጸኛል" ብለዋል። እስቲ ቡርቱካን አጋንና ታውቃለች?»

ሁሉም ወደ ቡርቱካን ዞሩ። ቡርቱካን ቀላች።

«ዳዊትስ? እሱ የስብከቱን ሰዓት እንኳ ያሳጥራል። እንግዲህ ከአምስቱ አርባ አንድ ላይ እውነት የጻፈው አንድ ሰው ብቻ ነው። አምስቱን ወረቀት ያስሞላው ማን እንደሆነ ራሱ ፈርሞ ነግሮኛል።» የስዩምን ረጅም ፊርማ በጣቷ ተከተለችው። «ነሐሴ ላይ ልመጣ ያሰብኩት ላባርራችሁ አልነበረም። እንደ አዲስ ላስሞላችሁ ነበር። ያቺ የስንብት መስመር ደግሞ ድሮም መሰረዝ ነበረባት፤ ሰው ፈርቶ እውነት አይጽፍም።»

ስዩም ተቀመጠ ማለት አይቻልም፤ ወንበሩ ላይ ፈሰሰ። አምስት ወር ሙሉ ደረቱ ላይ ተቀምጦ የነበረው ነገር ተነስቶ ሲሄድ ታወቀው፤ ሲሄድም እንደ ጭነት መኪና ነበር። ከበሯ ላይ እታገኝ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ሸፈነች።

«አሁን ግን፣» አለች ማህሌት፣ «ወረቀቱን ከመሙላታችን በፊት ሌላ ነገር ልጠይቅ። ስለ ራሳችሁ አትንገሩኝ፤ እሱን አይቼዋለሁ። በእነዚህ አምስት ወራት ሌላው ሰው ሲያደርግ ያያችሁትን ንገሩኝ። አያ አብዱልሐሊም፣ እርስዎም ቢናገሩ ደስ ይለኛል፤ በአጥሩ በኩል ብዙ ያዩ ይመስለኛል።»

«አይቻለሁ እንጂ!» አሉ ሽማግሌው። «እኔ የእናንተን ወረቀት አላውቅም። ግን እቺ ልጅ» ወደ ቡርቱካን በአገጫቸው ጠቆሙ፣ «ሃምሳ ሰው ያለ አንዲት ቃል ስታዝ አይቻለሁ። የሷን ጣት ያየ ሁሉ ይታዘዛል። በቆሎውን ስትሰፍር ጣሳዋ ለኔም ለሌላውም እኩል ነበር። ስዩሜ ደግሞ…» ወደ ስዩም ዞሩ። «ስዩሜ አምስት ወር ሙሉ ጆንያው ያለበትን አላወራም። ወላሂ፣ እኔ ራሴ ሦስት ጊዜ ሊያመልጠኝ ነበር!»

ዳዊት ቀጠለ፤ የመዝሙር መሪው ቀጠለ፤ የጽዳት ሠራተኛዋም ቀጠለች። ወሬው ሁሉ ዞሮ ዞሮ ቡርቱካን ጋ ይመጣል፤ ከዚያ ደግሞ በሩ ጋ ይመጣል። ማህሌት ስትጽፍ ቆይታ ቀና አለች።

«እንግዲህ አስተባባሪነቱን ቡርቱካንን እንጠይቃታለን። ሰው ፊት መናገር የሚከብዳት ከሆነ እሱን እናሠለጥናታለን። የተፈናቀሉት ገና አልተመለሱም፤ የተራበም የተጎዳም ሰው በዚህ በር ይመጣል። መጀመሪያ የሚያገኘው ፊትና መጀመሪያ የሚሰማው ቃል የጋሼ ስዩም ይሁን። ዕቃ ሲመጣ ግን መቁጠሩ ለሌላ ሰው ይሁን፤ ቁጥር ለእርሳቸው አይስማማም።»

ቡርቱካን «እሺ» አለች። የዚያን ቀን አሥረኛ ቃሏ ነበር።

ስዩም ሐምሌ ላይ ሰው የማያየው ቦታ አንድ ሕልም ነበረው፤ በሩ ላይ «አስተባባሪ ስዩም» የሚል ሰሌዳ። አሁን ሕልሙን ሲፈልገው የለም፤ ባለመኖሩም ቀለለው። ስብሰባ፣ ሪፖርት፣ ወልድያ መመላለስ! እሱ በሩን ነው የሚወደው፤ ሰው ሲገባ፣ ሰው ሲወጣ፣ ደግሞ ቆሞ ሲሰማው።

አዲሱን መጠይቅ ማንጎው ሥር ለየብቻ ተበታትነው ሞሉ። ስዩም በሕይወቱ እንደዚያ ቀን አንብቦ አያውቅም። ሁለት ጻፈ፤ ሦስት ጻፈ፤ አንድም ጻፈ። አርባ አንድ ላይ ሲደርስ እስክሪብቶውን ነክሶ ብዙ አሰበና አራት ብሎ ጻፈ። እታገኝ በትከሻው ላይ አጮልቃ አየች።

«አራት?»

«ተሻሽያለሁ።»

«አምስት በለው አንተ ሰውዬ፤ ደግሞ በሐሰተኛ መልስ እንዳትከሰስ!»

አራቱን ሰርዞ አምስት አደረገው። ደስ እያለው ነው የሰረዘው።

ማህሌት ብርቱካኗን ተሸክማ ወደ መናኸሪያው ስትሄድ በሩን ከፈተላት። አያ አብዱልሐሊምም ዘንቢላቸውን ይዘው ተከትለው ወጡና ደፉ ላይ ቆሙ።

«ስዩሜ፣ እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ እንግዲህ እርግጡን ይዤ ልሙት። ስንት ናቸው?»

«ሁለት ናቸው፣ አያ።»

«አንዱ ውሻ?»

«አንዱ ውሻ።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቅንቀው ጥቂት እርምጃ ሄዱ። ስዩም መቀርቀሪያውን ይዞ ቆየ፣ ቆየና አልቻለም።

«አያ!» ብሎ ጮኸ፤ ድምፁ ውርጌሳ ሳይደርስ አልቀረም። «ውሻው ግን የበሬ ያህል ነበር!»